በመቀናጆ የሠራነው ፈተና

ከወረታ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እማየ ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆማ «ልጄ፣ ብርዱን አደራህን!» ትላለች፤ አባየ በሻንጣዬ ሰበብ ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃል። አባየ ልቅሶ ሲመጣበት ቁጣ ይቀድመዋል። ይህን አመሉን እኔም ወርሻለሁ።

ደብሊን በዝናብ ተቀበለችኝ። እናንተዬ፣ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል! ፎገራ ላይ እንዲህ ቢዘንብ ስንት ሩዝ በታፈሰ፤ እዚህ ግን ከጃንጥላ ነጋዴ በቀር ለማንም አይረባም። ምግባቸው ድንች ነው፤ በርበሬ የሚባል አልፎበት የማያውቅ ድንች።

የመጣሁት ለማስተርስ ነው፤ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፋይናንስ። አንድም ቀን አትርፎ የማያውቅ ኩባንያ ይሰጡንና ወደፊት ያተርፋል ብለን ዛሬ የሚያወጣውን ዋጋ እንተምናለን። ያልተወለደች ጊደር እንደ ማለብ በሉት። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ በኋላ ወደድሁት። እንግሊዝኛው ግን አልገራ አለኝ። ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ያለ ዘመድ ሁሉ «የእኛ ልጅ ውጭ አገር ይማራል» እያለ እንዴት አቅቶኛል ልበል?

ሊን የምትባል የቬትናም ልጅ አጠገቤ ትቀመጣለች። እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፣ ሒሳቡ ያስለቅሳታል። የመጨረሻውን ፈተና ቤታችሁ ሥሩት ሲሉን ተቀናጀን። አባየ አንድ በሬ ነው ያለው፣ ጎረቤታችን አያ ሞላም አንድ፤ በመቀናጆ ጠምደው የሁለቱንም መሬት ያርሳሉ። እኔ አሰላሁ፣ እሷ ጻፈች፣ አንድ ዓይነቱን ሥራ ሁለታችንም አስገባን።

ዩኒቨርሲቲው ጠራኝ። ጉዳዩን የሚያየው ሰውዬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቷል።

«ለየብቻ ሥሩ የሚለውን አላነበብህም?»

«አንብቤያለሁ። ለየብቻማ አስገብተናል።»

«ከዚህ ውስጥ የአንተ የቱ ነው?»

«ጌታዬ፣ ሁለት በሬ ያረሰውን መሬት፣ ይሄ ትልም የቀዩ ነው፣ ያ የጥቁሩ ነው ይሉታል?»

ሰውዬው «በሬ» ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎም፣ ከልቡ፣ «በሬ ማን ነው? እሱም ተማሪ ነው?» አለኝ።

ሊን አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች፣ በማስጠንቀቂያ አለፏት። እኔ እየጮህሁ ተከራከርሁ፣ ተባረርሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሕጉን አይቼው ነበር። ቪዛው ከትምህርቱ ጋር ስለሚያበቃ በወሩ መጨረሻ አገሩን መልቀቅ አለብኝ።

ትናንት ልነግራቸው ደወልሁ። አባየ ሲያነሳ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፣ ጫጫታው ይሰማኛል።

«አባየ፣ ትምህርቱ…»

«አለቀ አይደል! ዛሬ የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነው። ቆይ፣ የነፍስ አባታችን ይመርቁህ።»

ቄስ ይመር ስልኩን ተቀበሉ።

«የድካምህን ዋጋ አያስቀርብህ፣ ልጄ። ወላጆችህን የምታኮራ ያድርግህ። በሰላም ለአገርህ ያብቃህ።»

ማኅበርተኛው ሁሉ አሜን አለ። እማየ እልል ስትል ድምፅዋን ለየሁት።

«አንተም አሜን በል እንጂ» አሉኝ ቄሱ።

«አሜን» አልሁ።