የጎን ጨዋታው ሰዓት

በሕይወቴ ብዙ ቂልነት ሠርቻለሁ። ትልቁን ግን በማስመሪያ አስምሬ፣ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ጽፌ፣ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የውድድር ፕሮግራም ነበር።

መካኒሳ፣ እኛ ሰፈር፣ ሻይና ምሳ የምትሸጥ ሴት አለች። ቤሩት የተቀጠረችው አንድ ሽማግሌ ልትንከባከብ ነበር። ሽማግሌው ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያጫውተው ሰው ነበር የሚፈልገው፤ ታውላ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ አስተማራት። ሰው ከዚያ ቴሌቪዥን ይዞ ሲመለስ እሷ ታውላዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ መጣች። ሁለት ዳይስ እየጣልክ፣ አሥራ አምስት ጠጠርህን አዙረህ ቤት አስገብተህ፣ ቀድመህ ካወጣህ አሸነፍክ። እኛን ሁላችንን ያስተማረችን እሷ ናት። ዛሬ የሰፈሩ ወንድ ስድስትና አምስት ሲወጣለት “ሺሽ ቤሽ!” ብሎ ሲጮህ ቤሩት ያደገ ይመስላል፤ አብዛኞቻችን ግን ከሞጆ አላለፍንም።

እሷ ራሷ አትጫወትም። ማለቴ ትጀምራለች፤ አንዱ “ሻይ!” ይላል፣ ሌላው “ሂሳብ!” ይላል፣ ትነሳለች። ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብርጭቆ እያጠበች፣ “ጋሼ፣ አገሬ ከገባሁ ወዲህ አንድ ጨዋታ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም” አለችኝ። ሳቅኩ። ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ውድድራችን ሁለት እሑድ ነው የሚፈጀው፤ በመጀመሪያው የተሸነፈ ይወድቃል፣ በሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው ይደረጋል። እኔ ወረዳ መዝገብ ቤት ስለምሠራ፣ ጽሑፌ ስለሚነበብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨዋታ ስለማልችል ፕሮግራም አውጪ ተደረግኩ። ከባዱ ሥራ የጎን ጨዋታውን ማመቻቸት ነው። የወደቀ ሰው ቤቱ አይሄድማ! ከተጫዋች ጀርባ ቆሞ ይመክራል፣ ምክሩ ጠብ ይሆናል። ስለዚህ ለወደቁት አጫጭር ጨዋታ አዘጋጀንላቸው፤ አፍ ማስያዣ በሉት። እኔ አንድም ጊዜ ቀርቼበት አላውቅም።

እዚያ ውስጥ እሷን አስገባኋት። ደግ ሰው ነኝ ብዬ።

“ስድስት ሰዓት” ብዬ ለጠፍኩ። አየችውና፣ “ጋሼ፣ በምሳ ሰዓት ሽሮውን ማን ያማስላል?” አለች። ወደ ስምንት ገፋሁት። እሑድ ስምንት ሰዓት ውሃ የሚመጣበት ፈረቃ ነው፤ ጀሪካኖቿን ጥላ ልትጫወት አይደለም። ወደ ጠዋት ሦስት መለስኩት። በሦስት ሰዓት ሀና ማርያም አስቀድሳ ገና አልተመለሰችም። ወደ አሥር ወሰድኩት። ያለን ታውላ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ የእሷና አንድ ለቡ ያለ አናጺ የእሷን አይቶ የሠራው። በአሥር ሰዓት አንዱ ለፍጻሜ፣ አንዱ ለሦስተኛ ደረጃ ተይዟል።

ወረቀቱ ላይ ስርዙ ሲበዛ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጓደኛዬ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ፕሮግራም ነው ወይስ የሐኪም ማዘዣ?” አለኝ። ሹፌሩ ያለፈው ውድድር አሸናፊ ነው። ዘንድሮ ዳይሱ ከድቶት በመጀመሪያው እሑድ ወደቀና ከእኔ ቢጤዎች ጋር ስለተደባለቀ፣ ቢሳደብ አይፈረድበትም።

በመጨረሻ እንደገና ስድስት ሰዓት ላይ መለስኩትና፣ “ሽሮውን እኔ አማስላለሁ” አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ ግን ቀኑ ሲደርስ ሽርጧን ፈታ ሰጠችኝ። “ከአጠገቡ እንዳይርቁ ጋሼ። ካልተማሰለ ይይዛል” ብላ የቤሩቱ ታውላ ፊት ተቀመጠች። የደረሳት ሹፌሩ ነው።

“እህቴ፣ ቀስ ብዬ ነው የማሸንፍሽ፣ አትፍሪ” አላት።

ዳይሱን ጣለች። ብቻውን የቆመ ጠጠሩን መታችና “ወራጅ አለ!” ብላ ከሰሌዳው አወረደችው፤ የተመታ ጠጠር ጉዞውን ከመነሻው ይጀምራል። የታክሲ ሹፌር ወራጅ ሲባል ሳይቆም ይቀራል? ቆመ። ከዚያ ወዲህ ፉከራውን ትቶ ጠጠሩን መቁጠር ያዘ።

እኔ ማማሰያውን ይዤ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ሽሮው ያዘ። አንዱ “ኧረ ሽሮው!” አለ። ሽታው ደርሷታል፤ አፍንጫዋ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ቀና አላለችም። የዋናው ውድድር ተጫዋቾች እንኳን ጨዋታቸውን ትተው መጥተው ከበቧት። ከኋላ አንዱ “ሻ...” ብሎ ሲጀምር ጎረቤቱ በክርኑ ጎሰመው። “ሺሽ ቤሽ” አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ ያህል። የመጨረሻ ጠጠሯን ስታወጣ ሹፌሩ አምስት ቀርቶት ነበር። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣት።

ያን ቀን የሰፈሩ ሰው ያረረ ሽሮ በላ። እኔ ግን ፕሮግራሜ ሠራ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ሰው ሲበተን ሽርጡን ልመልስላት ሄድኩ። ድስቱን በማንኪያ እየፋቀች ነበር።

“እሺ፣ ጀምሮ መጨረስ እንዴት ነው?” አልኳት። ምስጋና እየጠበቅኩ እንደነበር አልደብቅም።

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሽሮውም ግድ የለም፣ ሽሮ ነው” አለች፣ ከድስቱ ቀና ሳትል። “ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የጎን ጨዋታውን ሰዓት አራት ጊዜ ቀያየሩልኝ። ‘ዋናው ውስጥ ልመዝግብሽ ወይ?’ ብለው አንድ ጊዜ ለምን አልጠየቁኝም?”