ባለቤቴ ያልለጠፈው ነገር

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ብዬ ነው፤ እሱንም ፈተናው ግማሹ ሥዕል ስለነበር አለፍኩት መሰለኝ። ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም፤ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ግን ስለ ባለቤቴ አንድ ሰው ቢጽፍ ደስ ይለኛል፤ ማንም ደግሞ ስለ እሱ አይጽፍም። እንግዲህ እኔው ልድፈር። የተጣመመ ፊደል ካለ እናንተው አቃንታችሁ አንብቡልኝ።

ባለቤቴ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይጠግናል። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ናት። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ የሚያጓራ ኮምፕሬሰር፣ ውኃ የሞላ ገንዳ፣ በቃ። ሰፈሩ ሁሉ «ልጣፊ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት በጎማ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባልዲ ይለጥፋል፣ የዝናብ ቦት ይለጥፋል፣ የልጆች ኳስ ይለጥፋል። የኔ የልብስ ሳፋማ የትኛው ሳፋው፣ የትኛው ልጣፊው እንደሆነ ጠፍቶኛል። አንድ ቀን ተናድጄ፣

«አንተ እኮ እኔም ብቀደድ ለጥፈህ ነው የምታኖረኝ!» ብለው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣

«አንቺ ኦሪጅናል ነሽ፣ አትቀደጂም» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? ንዴቴን ይዤ ተመለስኩ።

ሥራው ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ሌላው ጎሚስታ ካላማዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍቶ ውኃ ውስጥ ይነክርና አረፋ ይጠብቃል። እሱ ከውኃው በፊት ወደ ጉንጩ ያስጠጋዋል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ እያለ ያዞረዋል። «እጄ ሻክሯል፣ ጉንጭ ግን ትንሿን ትንፋሽ ያውቃል» ይላል። ጠዋት ጠዋት ሙልጭ አድርጎ የሚላጨው ለዚህ ነው። ስንጋባ ለእኔ ብሎ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሕግም አለው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ በፍጹም አይለጥፍም። ባለመኪናው ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ ወዳጁ ቢሆን እንኳ አይሰማም። ሁልጊዜ የሚናገራት አንድ ናት፤ «መሬት የሚነካው ቢሆን እሺ። ጎኑ ከሄደ ግን አንጀቱ ሄዷል። እኔ ለጥፌ ልስጥህ፣ አንተ ልጆችህን ጭነህ ሂድ፣ ከዚያ እኔ እንዴት ብዬ ልተኛ?» ጎማውን ጥለውለት ይሄዳሉ፤ እሱም አይጥለውም፣ ለደንበኛ መቀመጫ ያደርገዋል።

እኔ የምነዳው ቫን ነው፤ ተማሪ አመላልሳለሁ። ትምህርት ቤቱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ሆኖ የድንጋይ ጫኝ መኪና ይበዛበታል።

ከወራት በፊት ከፊት በቀኝ በኩል፣ ጎማውን የሚያዞረው አክስል ጫፍ ላይ ያለችው የላስቲክ ሽፋን ተቀደደች። ሽፋኗ ውስጥ ብረቶቹ እንዳይፋጩ ግራሶ ይሞላል። ባለቤቴ ከመኪናው ሥር ገብቶ አያትና ከዚያው ሆኖ፣ «ይቺማ የኔ ሥራ ናት!» አለ። የካላማዳሪ ቁራጭ አሽቶ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ለጠፋት። እውነቱን ለመናገር የምታምር ልጣፊ ነበረች።

ውሎ አድሮ ግን መሪውን ሙሉ ሳጠመዝዝ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ነገር መጣ። ልጆቹ ወደዱት። ኩርባው ላይ ስንደርስ ሁሉም በአንድ አፍ «ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። እኔ ግን ኩርባው እስኪያልቅ እጸልያለሁ። መሃል ዳገት ላይ ቢሰበርስ? ከኋላዬ ያ ድንጋይ ጫኝ እያለ፣ የሰው ልጅ ይዤ ወዴት እገባለሁ? ቤት ስገባ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ። «ብረት ነው፣ ይለምዳል» ይለኛል። እኔም በማግስቱ ልጆቹን ጭኜ እወጣለሁ።

አንድ እሁድ ግን አላስቻለኝም፤ ባለቤቴን ጭኜ ቫኑን የሰፈራችን መካኒክ ጋ ወሰድኩት። መካኒኩ ጎማውን አወለቀ፣ አክስሉን አወጣ፣ ላስቲኩን ገልጦ አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ባለቤቴ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«እጅህ ይባረክ፤ ልጣፊዋ ጠብታ አታሳልፍም። አሸዋው ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር። ከነአሸዋው ነው የዘጋህበት።»

ባለቤቴ ደረቱ ተነፈሰ። ያ ሁሉ ጊዜ አሸዋው ከግራሶው ጋር ተለውሶ ብረቱን ሲፈጭ ከርሟል።

«ይታጠባ!» አለ ቶሎ ብሎ። «ይታጠብ፣ አዲስ ግራሶ ይሞላ፣ አለቀ።»

«አጥቤ ልመልስላችሁ እችላለሁ» አለ መካኒኩ። «ድምፁም ለጊዜው ይቀንሳል። እስከ መቼ ይሄዳል ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ። ካልሆነ አዲስ ማስገባት ነው። መኪናው የእናንተ ነው፤ ተማከሩና እስከ ማታ ንገሩኝ። ነገ ልጆች አሉሽ አይደል፣ እህቴ?»

አሉኝ። ጭንቀቴም እሱ ነው።

ባለቤቴ ያረጀውን አክስል ተሸክሞ ሱቁ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። የኔኑ ሳፋ አምጥቶ፣ ናፍጣ ጨምሮ፣ ያጥበው ጀመር። በብሩሽ ፈተገው፣ በጨርቅ ወለወለው። ብረቱ ብልጭ አለ።

«እይው እስቲ! ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ አይመስልም?»

ጣቴን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። የብረት ኳሶቹ የሚንከባለሉበት ቦታ ላይ ጥፍሬን ያዘው፤ ተቦርቡሯል። ይሄው፣ ልለው ፈለግኩ። በሙያው ስገባበት ግን ይከፋዋል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ስለ ሌላ ብረት ቢሆን እተወው ነበር፤ ነገ ግን ኩርባው ላይ የሚያጨበጭቡት የሰው ልጆች ናቸው። ከደንበኛ መቀመጫዎቹ አንዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ነበር። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ በመዳፌ መታ መታ አደረግኩትና፣

«ይሄንን ለምን አልለጠፍከውም?» አልኩት።

«የቱን? እሱን?» አለ፣ እጁ ሥራ ላይ እንዳለ። «ጎኑ ነዋ! ጎኑ ከሄደ አንጀቱ ሄዷል። እኔ ለጥፌ ልስጠው፣ እሱ ልጆቹን ጭኖ ይሂድ፣ ከዚያ እኔ እንዴት…»

አልጨረሳትም። ብሩሹ እጁ ላይ ቀረ። አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ያንን ከባድ ብረት አነሳና ጉንጩ ላይ አደረገው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጫፉን ይዞ ቀስ አድርጎ አዞረው። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ናፍጣው አንገቱ ላይ ይወርዳል።

«ይንገጫገጫል» አለ።

«አዎ» አልኩ፣ በቀጭኑ።

«ምን ያህል ጊዜ ፈርተሽ ነዳሽ?»

ብረቱን አስቀመጠና፣ «ይጣል» አለ። ከተጋባን ጀምሮ ይቺን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ትከሻዬ ላይ የነበረ ጆንያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ፤ እንባዬም መጣ፣ በናፍጣው ሽታ አሳበብኩ።

ወደ መካኒኩ ተመለስን። በቀኝ በኩል አዲስ አክስል ገባ። ባለቤቴ ግን ዝም ብሎ አልቆመም፤ «የግራውስ?» አለ። ተከፍቶ ሲታይ ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ዳር ዳር ይላል እንጂ ግራሶው ንጹሕ፣ ብረቱም ደህና ነው። ታጥቦ፣ አዲስ ግራሶና አዲስ ሽፋን ተደርጎለት ተመለሰ።

«ተመስገን፣ አንዱ እንኳ ተጠገነ!» አለ ባለቤቴ፣ ዘመዱ ከሐኪም ቤት እንደወጣለት ሰው። «ያቺን የግራውን ላስቲክ ግን እኔ ባያት…»

«አንተ!» አልኩት። ጮክ ብዬ። መካኒኩ እንኳ ዞሮ አየኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን አልከፈተም። ልጆቹን ስጭን አብሮኝ ገባና፣ ወንበር ላይ በመቀመጥ ፋንታ፣ ከቀኝ ጎማው ጀርባ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ጉንጩን ለጠፈ። ልጆቹ «ጋሽ ልጣፊ ታመመ እንዴ?» እያሉ ይንጫጫሉ። ኩርባው ጋ ስንደርስ እጃቸውን ለጭብጨባ አነሱ። መሪውን ሙሉ አጠመዘዝኩት። ምንም የለም።

«እትዬ፣ ቀጭ ቀጩ የት ሄደ?» አለች አንዷ፣ ቅር ብሏት።

ባለቤቴ ቀና አለ። ግማሽ ፊቱ አቧራና የብስኩት ፍርፋሪ ነው።

«ጥለነዋል» አላት።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወርዶ ቁልቁል በእግሩ ሄደ። ተመልሼ ሱቁ ስደርስ ያቺን የለጠፋትን አሮጌ ላስቲክ ሁለት ጫፏን ቆርጦ፣ ጠርሙስ አፍ ላይ ሰክቷት፣ ዘይት ወደ ጠርሙሱ ይቀዳባታል።

«አየሽ» አለኝ፣ በጣቱ ልጣፊዋን እየነካ። «ጠብ አትልም።»