ረዳቷን የሰበርኳት እኔ ነኝ

ይሄን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ነፍስ አባቴ ዘንድ ብዙ ይዤ ሄጃለሁ፤ ስድቤን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ አለ። አራት ዓመት ሙሉ ሱቄ መሳቢያ ውስጥ፣ በክብሪት ቀፎ ተቀምጧል። ከቴምብር የማትበልጥ ጥቁር ቺፕ ናት፤ ከሆዷ ሥር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን እግሮች አሏት። ሁለቱ የሉም። የሰበርኳቸው እኔ ነኝ።

መስበሩ ብቻ ቢሆን ይሄን ያህል አልጽፍም ነበር። ዕቃ ይሰበራል።

ስሜ ትዕግስት ነው። መሳቅ ትችላላችሁ። ጋሽ ሰይድም ይስቁ ነበር። የሂሳብ አስተማሪዬ ሳሉ፣ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱን ስጮህ፣ ጠመኔውን እንደያዙ ዞር ይሉና «ይህን ስም ያወጡልሽ ገና ሳያዩሽ ነው» ይሉኝ ነበር። የጮህኩት መልስ ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተርና ስልክ የምጠግንበት፣ ፎቶ ኮፒም የማነሳበት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ጡረታ ወጡ። ጡረታ ይባል እንጂ በየዓመቱ የማይቀርባቸው ሥራ ነበር፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት የከተማችንን የሱሁርና የማፍጠሪያ ሰዓት፣ የሠላሳውንም ቀን፣ አስልተው ያወጣሉ። የደሴው ወረቀት ለእኛ አይሆንም። እኛ ከደሴ ወደ ምዕራብ ነን፤ ፀሐይ እኛ ዘንድ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ዘግይታ ነው የምትጠልቀው። «በደሴ ሰዓት ያፈጠረ የእኛ የቦረና ሰው፣ ሙሉ ቀን ተጉዞ ደጁ ላይ እንደወደቀ ነው» ይላሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ጎረቤቶቼ ሁሉ በዚያ ወረቀት ሲጾሙ ነው ያደግኩት።

ለዚህ ሥራ አንድ ኮምፒውተር ነበራቸው። በዕድሜ እኔን ይበልጣል፤ ነጭነቱ ቢጫ ሆኗል፤ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው የሚያሳየው። ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም ድሮ ጅዳ ሰው ቤት ሲሠሩ፣ የአሠሪያቸው ልጅ ሊጥለው ሲል «ለባሌ» ብለው ለምነው ያመጡት ነው። ልጁ አንዲት ትንሽ ቺፕ ጨመረላቸው፤ እሷን ለብቻዋ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው አገር አስገቧት። ማዘርቦርዱ ላይ ከዋናው ፕሮሰሰር ጎን የራሷ መቀመጫ አላት። ሥራዋ መርዳት ነው። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ነጥብ ያለበት አስቸጋሪ ስሌት ሲመጣ ዋናው ለእሷ ያቀብላታል፤ እሷ ሠርታ ትመልስለታለች። ጋሽ ሰይድ ፕሮግራሙን ራሳቸው ሲጽፉት በእሷ ተማምነው ነው የጻፉት። እሷ ከሌለች ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም።

ስሟን ዘምዘም አሏት። እንግዳ በተሰበሰበበት ክዳኑን ከፍተው ያሳያሉ። «ይሄ ትልቁ እኔ ነኝ። ይቺ ትንሿ ረዳቴ ናት። ስሌቱን የምትሠራው ግን እሷ!» ሲሉ፣ እትዬ ዘምዘም ከጓዳ ሆነው «እንኳን ዐወቅህ!» ይሏቸዋል። ቤቱ በሳቅ።

እትዬ ዘምዘም ሞቱ። ኮምፒውተሩ የታመመው ከዚያ በኋላ በወራት ነው። ጋሽ ሰይድ በጋቢ ጠቅልለው፣ በባጃጅ ጭነው ይዘውት መጡ።

«ሌላ ዘንድ ብወስደው ለቆራሌው ስጡት አሉኝ፤ አንቺ አትስቂበትም ብዬ ነው» አሉ።

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ።

«ስሌቱን ይጀምራል፤ መሃል ላይ ድርግም ይልና ራሱ እንደ አዲስ ይነሳል። ፕሪንተሩ መጻፍ ሲጀምር ነው መሰለኝ፤ እስቲ ልብ ብለሽ...»

«እሺ እሺ ጋሽ ሰይድ፣ አየዋለሁ።»

«ረዳቷን የምትነቅያት ከሆነ ደግሞ ከአራቱም ጎን፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ፤ የተኛ ሕፃን እንደምታነሺ...»

«አውቃለሁ ጋሼ!»

አላስጨረስኳቸውም። ሁለት ነገር ነገሩኝ፤ ሁለቱንም ከአፋቸው ቆረጥኩት። ለመሆኑ ሰው ሲናገር እስኪጨርስ መጠበቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ሥራ ጀመርኩ። ፓወሩን በቴስተር ለካሁ፤ ደህና ነው። ሚሞሪውን ነቅዬ እግሩን በላጲስ ፈትጌ መለስኩት። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ኮምፒውተሩ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ደህና ይሠራል፤ አንዳንዴ በአምስት ደቂቃ ሦስቴ ሪሴት ያደርጋል። ፎቶ ኮፒ ማሽኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ደንበኛ ይመጣል፣ መታወቂያ አነሳለታለሁ፣ ማሽኑ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ዓይኔ እያየ! አንዱን ከአንዱ አላገናኘሁትም። በሁለተኛው ቀን በገንኩ። ስሌት ላይ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የስሌተኛዋ ነው ብዬ ወሰንኩ። እንደ ክፍሉ ጊዜ፤ ጥያቄው ተጽፎ ሳያልቅ መልሱን ጮህኩ።

ጠፍጣፋውን ካቻቢቴ በአንድ ጎኗ ከሥሯ ሰደድኩና ወደ ላይ ገፋሁት። በአንድ ጎን። አራት ጎን እያላት። ተፈናጥራ ወጣች፤ በዚያ በኩል ያሉት እግሮቿ ተጣመው ነበር። ግድ አልሰጠኝም። ያለ እሷ አበራሁት። የምሳ ሰዓት ነው፤ ደንበኛ የለም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንዴም ሪሴት አላደረገም። «አገኘሁሽ!» አልኳት። አፌን ሞልቼ።

ከዚያ አንዲት ሴትዮ የልደት ካርድ ልታነሳ መጣች። ማሽኑን አስነሳሁ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ እንደ አዲስ ተነሳ። ረዳቷ እጄ ላይ ናት። ታዲያ ማን ነው ያጠፋው?

ያን ጊዜ ነው ጎንበስ ብዬ ያየሁት። ከፊት ለፊት ካለችው የሪሴት ቁልፍ የሚመጣው ሽቦ ተልጦ፣ ከሳጥኑ የብረት ጠርዝ ጋር ተነካክቷል። ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር ሰው ቁልፉን የተጫነው ያህል ነው። ፕሪንተሩም ሲጽፍ የሚያንቀጠቅጠው ይኼንኑ ነው። ጋሽ ሰይድ ነግረውኛል እኮ! የግማሽ ጣት ያህል ናስትሮ ጠቀለልኩበት። ዳነ። ሕመሙ ይኼው ነበር።

ረዳቷን ልመልሳት ስል እግሮቿ አልገባ አሉ። በወረንጦ አቃናሁ። ቶሎ ቶሎ። አንዱ ቀጭ አለ። መቆም ነበረብኝ፤ አልቆምኩም። ሁለተኛው ቀጭ አለ። እነዚያ ሁለት እግሮች ከገብስ ጢም የማይበልጡ፣ መዳፌ ላይ ሲያብረቀርቁ አሁንም ይታዩኛል።

እስከዚህ ያለው ጥፋት ነው። ኃጢአቱ ሐሙስ ዕለት ነው የመጣው።

ሐሙስ ጋሽ ሰይድ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «እንዴት ሆነች?» አሉኝ። ኮምፒውተሩን አይደለም የጠየቁኝ። እሷን ነው።

«ሪሴቱን አቁሜዋለሁ። ረዳቷ ግን ተቃጥላለች» አልኩ።

ዝም አሉ። ቢቆጡኝ እናገር ነበር ይሆን? አላውቅም። ዝምታቸው አላስችል ሲለኝ፣ ወሬ ለመሙላት ያህል፣ «መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሳያጠፉት ይተዉት ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ዘምዘም የሞተች ዕለት» አሉ። «ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራሁ ነበር። ጠርተውኝ እንደተነሳሁ አልተመለስኩም። ለቅሶው እስኪያልፍ ሦስት ቀን ሙሉ አላጠፋሁትም። መብራቱም በነዚያ ቀናት ሲሄድ ሲመጣ ነበር። ከዚያ ይሆን?»

አያችሁልኝ? ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «አይደለም» የሚል። እኔ ግን «ሊሆን ይችላል» አልኩ። ሊሆን እንደማይችል እያወቅኩ፣ ሁለቱ እግሮች መሳቢያዬ ውስጥ ሆነው፣ «ሊሆን ይችላል ጋሽ ሰይድ፤ ቀስ እያለ ነው የሚጎዳቸው» አልኩ። ቀስ እያለ የሚለውን ማን ጠየቀኝ?

«እኔ ነኝ ያቃጠልኳት በይኛ» አሉ፤ ለራሳቸው ነው ያሉት። ከዚያ እኔን ሊያጽናኑ ጀመሩ። «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ!» ኮምፒውተሩን በጋቢያቸው መልሰው ጠቀለሉት። ቺፗን ስጪኝ ቢሉ እግሮቿን ያዩ ነበር፤ አልጠየቁም። «አንቺው ዘንድ ትቀመጥ፤ እኔ ዓይኔ ባያያት ይሻላል» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ስሌቱን በእጃቸው ይሠራሉ። አንድ ካልኩሌተር፣ አንድ ደብተር፣ ሠላሳ ቀን። ረመዳን ሊገባ ወር ሲቀረው ይጀምራሉ። ሲጨርሱ እኔ ዘንድ ያመጡታል፤ እኔ አባዝቼ እሰጣለሁ። መልካም ሥራ የሠራሁ ይመስላል፤ ሰውም ይመርቀኛል። ያ ምርቃት ሲወርድብኝ የት እንደምገባ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት የረመዳን ዋዜማ ግን የባሰውን ይዞ መጣ። በእኛ አገር በዋዜማው ሰው ለሰው «አፉ በለኝ» ይባባላል፤ አስቀይሜህ እንደሆነ ይቅር በለኝ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ጋሽ ሰይድ ሱቄ ደጃፍ ቆሙ፤ አልገቡም።

«ትዕግስት፣ አፉ በይኝ።»

«ምን አድርገውኝ ጋሼ?»

«በልቤ አምቼሻለሁ። ይቺ ችኩል ረዳቷን ሰብራት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬሽ ነበር። ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ይህን ይዤ ጾም መግባት ከበደኝ።»

ምን ማለት ነበረብኝ? ምንስ አልኩ? «አፉ ብያለሁ ጋሽ ሰይድ» አልኩ። የበደልኳቸውን ሰው ይቅር አልኩ! እውነቱን ስለጠረጠሩ ይቅር አልኳቸው። «አላህ ይስጥሽ» ብለውኝ ቀለል ብሏቸው ሄዱ። ከመስበሬም፣ ከመዋሸቴም ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አምና ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ወረቀታቸውን ላባዛ ሳስተካክል የአሥራ ሰባተኛው ቀን ማፍጠሪያ ከአሥራ ስድስተኛው በአራት ደቂቃ ወደ ኋላ ተመልሶ አየሁ። ፀሐይ እንዲህ አትዘልም፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ስነግራቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ይህን ሁሉ ሰው ጾሙን ላስፈታው ነበር?» አሉ። ቀጥለውም «ዘምዘም ብትኖር» አሉ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «አሁን ያሉት ኮምፒውተሮች እኮ ረዳቱን በሆዳቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ፕሮግራምዎን ልገልብጠው፤ በአንድ ቀን ይሠራል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷን በግዴለሽነት አቃጥዬ በሌላ ልገላገል? የለም። ያጠፋሁትን በእጄ ልካስ።»

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጣት ላይ ነበሩ። እኔ የፈረድኩባቸውን ቅጣት፣ ባላጠፉት ጥፋት፣ አሁን ደግሞ በደከመ ዓይን። ያን ቀንም አልተናገርኩም። ወረቀቱን አርሜ አባዛሁ።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ዋዜማውን ልጠብቅ ብዬ አስቤ ነበር። ያን ቀን «አፉ በሉኝ» ብል፣ «አፉ ብያለሁ» ማለት ወጉ ነውና ይሉኛል፤ እኔም ተገላግዬ እመለሳለሁ። ተንኮሌን አያችሁት? ይቅርታውንም ልሰርቅ ነበር። ደግሞስ እስከዚያ እሳቸው ደብተራቸው ላይ አጎንብሰው ይከርማሉ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ነገ ተራ ማክሰኞ ነው፤ ማንም ለማንም አፉ የማይልበት ቀን። ቢቆጡኝ መብታቸው ነው፤ ከደጃቸው ቢመልሱኝም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ፈርቼ ነው አልልም፤ የፈራሁት ለስሜ ነው። የክብሪት ቀፎውን እይዛለሁ። ዓይናቸው አጥርቶ ስለማያይ ቺፗን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ ጣታቸውን በእግሮቿ ላይ አስኬድላቸዋለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ እስከ ባዶው ቦታ ድረስ። ይቅርታ መጠየቁ ይቆየኝ። አስቀድሜ የምላቸው ሐሙስ ዕለት የነፈግኳቸውን ነው።

ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ አላቃጠሏትም።