ሦስት ጭራ የተጨመረበት ማሲንቆ

አባቴ ላሊበላ አጠገብ ገነተ ማርያም የሚያስተምሩ የዜማ መምህር ናቸው። ቤታችን ከተማሪ ተለይቶ ስለማያውቅ፣ እኛ ልጆቻቸውም እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነው የምንላቸው። ቫዮሊኔን መጀመሪያ ያሳየኋቸው ቀን ሳጥኑን ከፍቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት፣ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ «ሦስት ጭራ የተጨመረበት ማሲንቆ ነዋ!» ብለው መለሱልኝ። እናቴ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረማ! በእኛ አገር የመሪጌታ ልጅ ማሲንቆ ያዘች ከተባለ አለቀ፤ አዝማሪ ሆነች ነው። የቀረውን መንደሩ ይጨርሰዋል። የኔታም አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ቃል የሌለው ዜማ ምን ይላል?» ብቻ አሉኝ። ቫዮሊኔን ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ዘጋሁት።

እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ደግሞ አገር ያውቃል። ልጅ ሳለሁ ወንድሞቼ የኔታ ፊት ተቀምጠው ዜማ ሲቀጽሉ፣ እኔ ሴት ነኝና ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ ነበር ድርሻዬ። እሺ ብዬ እወጣና ከአጥሩ ጀርባ እንስራዬን አስደግፌ እቀመጣለሁ። የኔታ መሬቱን በመቋሚያቸው ጠቅ ካደረጉ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ተማሪው አፉን ይዘጋል፣ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ማንም ሳያየኝ እኔም አብሬ ቀጥ እል ነበር። ወንድሞቼ ከመነሻው እስኪወጡ እኔ ጨርሼው ወደ ምንጩ እወርዳለሁ።

አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ስፈተን፣ ፈታኙ በፒያኖ አንድ ረጅም ዜማ ተጫወተና በድምፅሽ መልሺው አለኝ። አንድም ሳይጎድል መለስኩለት። «ማን ነው ያስተማረሽ?» ሲለኝ «አጥር» አልኩት። ያበድኩ መስሎት ነበር፤ ቢሆንም አሳለፈኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ምኑን ላውራው! ቫዮሊን ያዝኩ፣ አገጬ ሥር ጠባሳ እስኪወጣ ተለማመድኩ፣ ኦርኬስትራ ገባሁ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ባሕር ማዶ ተጋብዤ ብቻዬን ቆሜ ተጫወትኩ። ፈረንጁ ተነሥቶ አጨበጨበልኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን አዳራሹ ባዶ ሲሆን ያቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች፦ ምን ይላል? የኔታ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ካልሰሙኝ ያ ሁሉ ጭብጨባ ሆዴን አይሞላውም ነበር።

ጠፍቶ የከረመው የውጭ እንግዳ ወደ ላሊበላ መመለስ ሲጀምር፣ አብራኝ የተማረች ባለሆቴል ግቢዋ ውስጥ እንድጫወት ጠየቀችኝ። «ትዝታ ነገር ጣል አድርጊበት፣ ሰው ይወድልሻል» አለችኝ። ምን ቆርጦኝ! አንድ የጥንት ጀርመናዊ ለብቸኛ ቫዮሊን የደረሰውን እጫወታለሁ አልኩ። የኔታ ግን ሆቴል ግቢ አልረግጥም አሉ። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ፊታቸው ቆመች። «የኔታ፣ የሰው ልጅ ሲሰሙ ኖረው የራስዎን ልጅ ሳይሰሙ ሊሞቱ ነው?» አለቻቸው። እናቴ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው መቋሚያቸውን አነሡ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ፊት ለፊት እንግዶቹ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የኔታና ከእሳቸው ጋር የመጡ ደብተራዎች ተቀምጠዋል። ደጋኑን አንሥቼ ጀመርኩ። ዜማው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መቋሚያው ነው። ወይኔ ጉዴ! ያ ድምፅ ሲሰማ ቀጥ ማለት ከልጅነቴ አጥንቴ ውስጥ የገባ ነው። ግን አልተሳሳትኩም! አልተሳሳትኩም፣ አላቆምም አልኩና ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ጠቅ አለ ደግሞ። እንደገና ጠቅ። ለካ ከደጋኔ ጋር እኩል ነው የሚወርደው! ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማኅሌት እንደቆሙ ሁሉ ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ስህተቴን አልነበረም የሚነግሩኝ፤ አብረውኝ ነበሩ።

እንባዬ ቫዮሊኑ ላይ እየተንጠባጠበ ጨረስኩ። እንግዶቹ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንሥተው ተዉት፤ ደብተራዎቹ ዝም ብለዋላ። በቅኔ ቤት ወግ መምህሩ ሳይፈርድ ማንም አይቀድምም። ሁሉም የኔታን ነበር የሚያየው። እኔም።

የኔታ ተነሡ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣

«ይበል!» አሉ።

ደብተራዎቹ «ይበል! ይበል!» እያሉ ተቀበሏቸው፣ ፈረንጁም ጭብጨባውን ለቀቀው፣ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ሮጬ ጉልበታቸውን ስስም ቀና አደረጉኝ።

«ምን ይላል ብዬሽ አልነበር?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ሰማሁት» አሉ። ከዚያ በመቋሚያቸው መሬቱን ጠቅ አደረጉ። «ይደገም!»

እንዴታ! እንባዬን ጠረግሁና ከመነሻው ጀመርኩ።