አጎቴ ያየው ሜዳ

ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው፤ ትንሽ አውሮፕላን የማበረው ለደስታዬ ነው። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ! ደመና ውስጥ የመብረር ፈቃድ ግን ካልተለማመዱበት አይሠራም። ስለዚህ በየጊዜው ግንባሬ ላይ መከለያ አስሬ፣ ውጭውን ሳላይ፣ መለኪያዎቹን ብቻ እያነበብኩ ወደ ማኮብኮቢያው መውረድ እለማመዳለሁ። ታዲያ አጠገቤ ተቀምጦ ውጭውን የሚያይልኝ ሌላ አብራሪ የግድ ነው። የእኔ፣ አጎቴ ነበር።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ እርሻ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ የኖረ አብራሪ ነው። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝም እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ውስጥ ነገር እየፈለገ ሚስቱን ሊያሳብዳት ደርሶ፣ "እባክሽ ውሰጂልኝ" ብላ ለመነችኝ። መሬት ላይ ክንዴን ይዞ፣ ጉልበቱን እያማረረ ነው የሚሄደው። ላይ ስንወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ከመከለያው ሥር ሆኜ እሱ ይተርክልኛል። "ያቺ ሴትዮ ዛሬም ቀይ አንሶላዋን አስጥታለች። ልጆቹ ኳሳቸውን ጣሪያ ላይ ሰቀሏት፣ አይ የነሱ ነገር!" ይላል። እኔም በሳቅ እሞታለሁ።

የዚያን ቀን ስንነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መውረድ ስጀምር ግን መለኪያዎቹ ላይ ያረፈው የፀሐይ ብርሃን ድንገት ጠፋ።

"ጋሼ፣ ደመና ገባን እንዴ?"

"የምን ደመና! አንቺ የመለኪያሽን መርፌ ጠብቂ። ሴትዮዋ ዛሬ ቀና ብላ እጇን እያውለበለበችልሽ ነው።"

ድምፁ የደስታ ነው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ማኮብኮቢያው ካልታየ ከዚያ በታች መውረድ የማይፈቀድበት ከፍታ ላይ ስንደርስ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ይኸውልሽ፣ ፊት ለፊትሽ ነው! ቀና በይ።"

መከለያውን አነሳሁ። ነጭ ነው። የክንፋችን ጫፍ እንኳ አይታይም። አጎቴ ወደ መስታወቱ ዞሮ ፈገግ ብሏል።

"አያምርም?" አለኝ።

ሞተሩን በሙሉ ኃይሉ ለቅቄ ሽቅብ ወጣሁ። "ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ሜዳው እግርሽ ሥር ሆኖ ጥለሽው ትሄጃለሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። ከደመናው በላይ ወጥቼ፣ ከተራራው ማዶ ሰማዩ ክፍት ወደሆነበት ሌላ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሄድኩና በገዛ ዓይኔ እያየሁ አረፍኩ። የት እንደምሄድ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ሞተሩ እንደጠፋ እያጉረመረመ ወረደ። በእኛ ሜዳ የቢሮው በር ወዳለበት በኩል ቀጥ ብሎ ተራመደ። እዚህ ግን በዚያ በኩል ያለው ሣር ብቻ ነው። ቆመና እጁን ዘርግቶ የበሩን እጀታ ፈለገ። ደግሞ ፈለገ።

ሮጬ ክንዱን ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ይሄ የእኛ ሜዳ አይደለም። ዓይንህን ምን ነካው? ከመቼ ጀምሮ ነው?"

የዘረጋውን እጁን ሰብስቦ፣ "መሬት ላይ ማየት ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል" አለኝ። "ላይ ግን ሁሉም ይታየኛል። እኔን ይድፋኝ፣ ይታየኛል! አንቺስ? ቀና ስትዪ ምን አየሽ?"

"ምንም። ነጭ ብቻ።"

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ታዲያ እኔ አንቺን ላሳርፍሽ የነበረው የት ነው?"