ጋሽ እንደሻው ኤርፎን የገዙ ዕለት

አሰላ ውስጥ ጋሽ እንደሻውን የማያውቅ ሰው ካለ እህል አስፈጭቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው ወፍጮ ቤት ሥራ የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ቅንድባቸውን ዱቄት ተለይቶት አያውቅም። ጆሯቸውን ሞተሩ ስለጨረሰው የሚያወሩት በጩኸት ነው፤ ስንዴ በጋሪ ጭኖ የመጣ ገበሬ የመጀመሪያ ቀን የተቆጡት ይመስለዋል። ቁጣ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባቸውም። ሚስታቸው ስትሞት ልጃቸው አይናለም ገና ዳዴ ትል ነበር። ሰው አግባ ቢላቸው "እንጀራ እናት አላመጣባትም" ብለው እንቢ አሉ፤ ልጅቷን በጀርባቸው አዝለው ሲፈጩ ያየ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። አሳደጓት፣ አስተማሯት፣ አስመረቋት። አስተማሪ ሆና ጊኒር ተመደበች።

እኔ ከዲጃ እባላለሁ። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ያን ቀን ግን ምላሴ ታሰረ። ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ጉደታ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

"አይናለም አርፋለች" አሉኝ። "ወደዚህ ስትመጣ መኪናው ተገለበጠ። እንደሻው አልሰማም። ሬሳው ማታ ይገባል፤ ንጋት ላይ ሄደን እናረዳዋለን። እስከዚያ ካገኘሽው ፊትሽን አሳምሪ።"

በእኛ አገር ወጉ ይኸው ነው። ሰው ብቻውን ሳለ፣ ሥራው ላይ ቆሞ፣ መርዶ አይነገረውም። እራቱን ይብላ፣ ትንሽ ይተኛ፣ ሲነጋ ወዳጅ ዘመድ ከቦት ይስማ ይባላል። ደግ ወግ ነው። ያን ቀን ግን፣ ወላሂ፣ መጀመሪያ ያመጣውን ሰው ረገምኩት።

ኦቦ ጉደታ ከወጡ ብዙም ሳይቆይ ጋሽ እንደሻው ዱቄታቸውን እያራገፉ ገቡ።

"ከዲጃ፣ ያንን ገመድ የሌለውን፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ኤርፎን አምጪልኝ። ጫጫታ የሚያጠፋ አለ አሉ።"

"ምን ሊያደርግልዎ ነው ጋሼ?" አልኩ። ድምፄ ደህና ወጣ።

"አይናለም ቮይስ ትልክልኛለች። ሞተሩ ግማሹን ይበላብኛል። ምን አልሽ ስላት ትስቅብኛለች፤ ኤርፎን ግዛ እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ዛሬ ስልኳ እንቢ አለኝ። ኔትወርክ ነው መቼም። እስኪሠራ ገዝቼ ልጠብቃት ብዬ ነው።"

ሁለት ዓይነት አወጣሁላቸው፤ ሁለቱም ውድ አይደሉም። ነጩ ባትሪው ይቆያል፤ የውጭውን ጫጫታ ግን በደንብ አያጠፋም። ጥቁሩ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን ያለው ሁሉ ጸጥ ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን ጥቁሩን አሞግሼ አስይዛቸው ነበር። ያን ቀን ነጩን ገፋሁላቸው። ድምጿን ጥርት አድርገው እንዳይሰሙት ፈርቼ ይመስለኛል።

"ሁለቱንም ልሞክር" አሉ።

ነጩን ከስልካቸው ጋር አገናኘሁላቸው። ትናንት የላከችውን ቮይስ ከፈቱ። "ወፍጮው አሁንም ይሰማኛል" ብለው አወጡት። ጥቁሩን እኔው በእጄ ጆሯቸው ውስጥ አስገባሁላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። ደግመው ከፈቱት።

"መጨረሻውን አልሰማሁትም ነበር ለካ" አሉኝ። "'አባዬ፣ ነገ በጠዋት ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ በግ ምናምን እንዳታርድ፤ የናፈቀኝ ያንተ ሽሮ ነው' ትለኛለች። ኔትወርክ አይደለም እኮ። ልጄ መንገድ ላይ ናት።"

ባንኮኒውን ጨብጬ ቆምኩ።

"ጥቁሩን ስጪኝ። ቀንሺልኝ ታዲያ።"

በነጻ ይውሰዱ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከዲጃ በነጻ ከሰጠች አንድ ጉድ እንዳለ ማንም ያውቃል። "እርስዎ ሲፈጩልኝ መቼ ቀንሰውልኝ ያውቃሉ?" አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ ከሞተችበት ሰው ጋር እየሳቅሁ ዋጋ ተከራከርኩ፤ ከዚያ የከፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ከፍለው ሲወጡ በሩ ላይ መለስ አሉ። "መግዛቴን እንዳትነግሪያት፣ አደራ። ራሴ ላሳያት።"

ወፍጮውን በጊዜ ዘግተው ሽንኩርት ሊገዙ ወደ ገበያ ወረዱ። እኔ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ንጋት ላይ ሄድን። ኦቦ ጉደታ አንኳኩ፤ መልስ የለም። ደግመው አንኳኩ። መብራቱ በርቷል፣ በሩም አልተቆለፈም፤ ለእሷ ብለው ክፍት ትተውት ነው ያደሩት። ሰዉ "ምን ሆኖ ነው?" ሲል ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

የሽሮው ድስት ተከድኖ ተቀምጧል። አጠገቡ ሁለት ሰሃን አለ። ጋሽ እንደሻው ጀርባቸውን ሰጥተውን ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ ጥቁሩ ኤርፎን ጆሯቸው ውስጥ ነው። ትከሻቸውን ነካሁ። ዘወር ብለው እኔን አዩኝ፤ ከኋላዬ በሩን የሞላውን ሰው አላስተዋሉም። አንዱን ከጆሯቸው አወጡና ፈገግ አሉ።

"መጣች?"

ኦቦ ጉደታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚሉትን እንዲሰሙ፣ ሁለተኛውን እኔ በእጄ ከጆሯቸው አወጣሁት።