ሁሉም ይገባል

በመንገዳችን ጥግ፣ በቁልፍ ቀራጩና በደብተር ሻጯ መካከል፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማታቆም ጠባብ ሱቅ አለች። በሯ መስታወት ላይ «ሁሉም ይገባል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። የማያውቅ ሰው የሱቋን ጥበት አይቶ ጽሑፉን ሲያነብ ይስቃል። ባለቤቱ ግን የጻፈው ስለ ዲስክ ነው።

ጨማቂው እንለዋለን። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ፣ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሲጠፋ፣ በስተርጅና ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ አዲስ ሙያ ያዘ። ሰው በስልክና በካሜራ የቀረጸውን ፊልም በማጫወቻ እንዲታይ አድርጎ ዲቪዲ ላይ ይጽፋል። አስተማሪ አልነበረውም። ሲማር ያበላሻቸውን ዲስኮች በክር አንጠልጥሎ መስኮቱን ሸፍኖባቸዋል። ፀሐይ ስትመታቸው ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ይንከራተታል። እህቴ በዚያ ስታልፍ ዓይኗን በመዳፏ ትከልል ነበር። «የሚያፈጥብኝ ነገር አለ» ትላለች።

ፊልም ሲረዝም አንድ ዲስክ ስለማይበቃው ይጨመቃል። ሲጨመቅ ርዝመቱ እንዳለ ነው፤ የሚቀንሰው ጥራቱ ነው። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

«ሎሚ ነው እንዴ የምትጨምቀው?» ትለዋለች ደብተር ሻጯ።

«ሎሚማ ሲጨመቅ ያልቃል። የኔ አንድ ጠብታ አይጎድልበትም» ይላል እየሳቀ። አይሆንም የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ኩራቱም እሱ ነበር።

ታላቅ እህቴ አንድ ልጅ ነበራት፤ ሹፌር ነበር። በተዳረ በሁለተኛው ዓመት መንገድ ላይ ቀረ። ከእሱ የተረፋት የሠርጉ ፊልም ነው፤ እሱም በፍላሽ። የቤቷ ማጫወቻ ደግሞ ፍላሽ አያነብም።

በዚያ ሰሞን ዓይኗን ጭጋግ እየሸፈነው መጣ። ሐኪሙ ለማክሰኞ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጣት፤ «ይህ ቀን ካለፈ የጠፋው አይመለስም» ብሎ አስጠነቀቀን። እሷ ግን ቢላ ፈርታለች።

«ልጄን በቴሌቪዥን ልየው» አለችኝ። «መልኩን ከለየሁ ዓይኔ አለ ማለት ነው፤ እሄዳለሁ። ካልለየሁ ግን የሞተ ዓይን ቢላ አላስነካም።»

«እትዬ፣ እኔንስ እያየሽኝ አይደል?»

«አንተንማ በኮቴህ ነው የማውቅህ። ደግሞ ለጨማቂው ምክንያቱን እንዳትነግረው። ሰው ካዘነልኝ ፈተናው ፈተና አይሆንም።»

ቅዳሜ ጠዋት ፍላሹን ይዤ ሄድኩ። ጨማቂው የፍላሹን አፍ ጠራርጎ ሰካውና ስክሪኑን አየ።

«አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ! ጋሼ፣ ይሄ ሠርግ ነው ወይስ ዘመቻ?»

«ሠርግ ነው። እህቴ አንድ ሰው እንዳይቀነስ ብላለች።»

«ዲስክ በደህና የሚይዘው ሁለት ሰዓት ነው። በሁለት በሦስት ዲስክ ላድርገው?»

«ብቻዋን ናት፣ መቀየር አትችልም። ማስገቢያውንም አታገኘው።»

በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀና ብሎ አየ፤ ከውስጥ ሲታይ ፊደሉ የተገላበጠ ነው።

«ዓይናቸው እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደክሟል።»

«እንግዲያው ችግር የለም። ይገባል።»

ለምን ችግር እንደሌለ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ እሱ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በጣቱ ጠቅ አድርጎ አጠፋው። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። ደመና መጣና ግድግዳው ላይ ያሉት ክቦች ሁሉ አንድ ላይ ጠፉ።

እሑድ ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ዘግቼ ዲስኩን አስገባሁ። እህቴ ወንበሯን ወደፊት ሳበች።

«ድምፁን አጥፋው» አለች። «በድምፅ አልታለልም።»

ሙሽራው ወጣ። እኔ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና መልሼ አደረግሁ። ፊቱ የተሰባበረ ሸክላ ይመስላል። አፍንጫውና ጢሙ አብረው ቀልጠዋል፤ ሲንቀሳቀስ ገላው ወደ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ይበታተናል።

«እሱ የትኛው ነው?» አለች።

«መሀል ያለው።»

«መሀል ያለውማ ጭጋግ ነው።» ሪሞቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «በቃ። ዓይኔ ላይ መሽቷል።»

«እትዬ፣ እኔም አላየሁትም! ዲስኩ ነው የተበላሸው!»

«አባታችን የሞተ ጊዜም ተኝቷል ብለኸኝ ነበር» አለች።

ሰኞ ሱቁ እስኪከፈት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። የደበቅሁትን ሁሉ ነገርኩት። በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ዓይናቸው ከደከመ ልዩነቱ አይታያቸውም ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሼ፣ ፊልሙ ገባ፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

ሙሽራው ብቻውን የሚታይበትን ስምንት ደቂቃ ቆርጦ፣ ሳይጨምቅ፣ ሌላ ዲስክ ጻፈ። በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ቆለፈ፤ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። አብረን ሄድን።

«እማማ፣ ዲስኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አላት ባርኔጣውን አውልቆ።

«አንተ? ሁሉም ይገባል ባዩ? ዛሬ አልገባም ልትለኝ ነው?»

«አልገባም፣ እማማ። አስገድጄው ነው።»

«ወንድሜ ይህን ሲያስጠናህ ስንት ሰዓት ፈጀበት?»

አዲሱን ዲስክ ከኪሱ አወጣ።

«ይኸው ሌላ አምጥቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት።»

«ልጄን ሁለቴ ቀብሬዋለሁ። ለሦስተኛ አትጥራኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ላይ አኑሮ ወጣ።

ማክሰኞ የቀጠሮውን ወረቀት ኪሴ ከትቼ፣ ጫማዬን እንዳሰርኩ፣ እስከ ቀትር ደጇ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ዲስክ በየቀኑ ታጫውተው ጀመር፤ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ። ድምፅ ብዙ ቦታ ስለማይፈጅ ብዙም አልተጨመቀም። የመኪናው ጥሩምባ፣ የሰዉ ሳቅ፣ የልጁ «እማዬ፣ ነይ እንጂ!» የሚለው ጥሪ ጥርት ብሎ እስከ መንገዱ ይሰማል። ጨማቂው በዚያ ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል።

በሁለተኛው ወር አንድ ከሰዓት፣ «ያንን ሌላውን አምጡት እስቲ» አለች። ጨማቂውን ጠራሁት። እሱ ራሱ አስገባው።

ልጁ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ። የጢሙን ፀጉር መቁጠር ይቻላል። ከአንገትጌው ቁልፍ ሥር የተመዘዘች ክር ሳትቀር ትታያለች። እህቴ ተነስታ ተጠጋች፤ ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው። መዳፏን በጉንጩ ላይ አሳረፈች።

«ድምፁ ደህና ነው» አለች። «መልኩ ግን ያው ጭጋግ ነው። አላልኳችሁም?»



በማግስቱ ጨማቂው የበሩን ጽሑፍ በቢላ ሲፍቅ አገኘሁት። «ሁሉም» የሚለው ተልጦ አልቋል። ቁልፍ ቀራጩ ከጎን ሆኖ፣ «ያቺን ሁለተኛዋን ቃልስ ለማን ልትተዋት ነው?» ይለዋል።

ጨማቂው ቢላውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እሷን ተዋት» አለ። «ይገባኛል።»